የሳይክል የፊት ካምቢዮ ስታስተካክሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካቴናው ወደ ትልቁ የፊት ማርሽ አልወጣ ይላል። ወይ ይወጣና እየተፋጨ ጆሮ ይበላል። ወይ ደግሞ ትንሹን ማርሽ አልፎ ፍሬሙ ላይ ይወድቃል። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፦ ካቻቢቴ ያነሣና ካምቢዮው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ማዞር ይጀምራል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ለውጥ የለም። እንደገና ትንሽ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳይክሉ ከበፊቱም ብሶበት ቁጭ ይላል።

የሚገርመው፣ የፊት ካምቢዮ፣ ማለትም ካቴናውን ከአንዱ የፊት ማርሽ ወደ ሌላው የሚገፋው ክፍል፣ ያን ያህል ውስብስብ ዕቃ አይደለም። ካቦ ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ስፕሪንግ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ በቃ። ሰውን የሚያደክመው ቅደም ተከተሉን መዝለል ነው። መጀመሪያ ቁመቱ ይስተካከላል። ቀጥሎ አቅጣጫው፣ ቀጥሎ የውስጥ ገደቡ፣ ቀጥሎ የካቦው ውጥረት፣ መጨረሻ ላይ የውጭ ገደቡ። የፊተኛው ሳይያዝ የኋለኛውን መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ለመግባባት ያህል፣ ካቴናውን መሐል አድርገው ግራና ቀኝ የሚገፉትን ሁለት ላሜራዎች አንድ ላይ መንጋጋ እላቸዋለሁ። ወደ ፍሬሙ ያለው የውስጥ ላሜራ ነው፤ ወደ ፔዳሉ ያለው የውጭ ላሜራ። ማርሽ ስል ሙሉውን ክብ ብረት ነው፤ ጥርስ ስል ዳር ዳሩን ያለውን ሹል። አንድ ነገር ከመጀመራችን በፊት፦ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በነፃነት መዞር አለበት። ፔዳሉን የምታዞሩት በአንድ እጅ ነው፤ ሌላኛው እጃችሁ ካቴናውና ማርሹ ከሚገናኙበት ቦታ ይራቅ። ጣት እዚያ ከገባ ቀልድ የለም።

መጀመሪያ የገደብ ብሎኖቹን መንካት

ሁለቱ ብሎኖች ማርሽ አይቀይሩም። ሥራቸው እንደ በር ማቆሚያ ነው፦ በሩ ከዚህ አልፎ ግድግዳውን እንዳይመታ ይይዙታል እንጂ በሩን አይከፍቱትም። አንደኛው መንጋጋው ወደ ፍሬሙ ምን ያህል እንደሚገባ ይገድባል፤ ሌላኛው ወደ ፔዳሉ ምን ያህል እንደሚወጣ። ስለዚህ ካቴናው መሐል መንገድ ላይ ቢያመነታ፣ ዘግይቶ ቢወጣ፣ አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ቢል፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ አይደለም።

ብሎኖቹ አጠገብ ኤል እና ኤች የሚሉ የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ታገኛላችሁ። ኤል የውስጡ ገደብ ነው፣ ማለትም የትንሹ የፊት ማርሽ። ኤች የውጩ ነው፣ የትልቁ። እዚህ ላይ የኋላውን ካምቢዮ የለመደ ሰው ይደናገራል፤ ምክንያቱም ኋላ ላይ ኤል የሚመለከተው ትልቁን ማርሽ ነው። ቀላሉ መያዣ ይሄ ነው፦ ፊትም ሆነ ኋላ፣ ኤል ወደ ሳይክሉ መሐል ያለው ጫፍ ነው፣ ኤች ወደ ውጭ ያለው። ሁለቱ ብሎኖች ካምቢዮው ላይ የተቀመጡበት ቦታ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። በአንዱ ሳይክል ላይ በስተውስጥ ያያችሁት በሌላው በስተውጭ ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ሳታዩ በግምት አትንኩ። ፊደሉ በቆሻሻ ከተሸፈነ ጥረጉት።

ሁለቱም ሲጠብቁ ጉዞውን ያሳጥራሉ፣ ሲላሉ ያስረዝማሉ። አንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ብሎኑ ላይ ያለው ስንጥቅ ወዴት እንደሚያይ ፎቶ አንሡት። ስልክ ኪስ ውስጥ እያለ ይህንን አለማድረግ ስንፍና ነው።

ቁመቱን በዓይን ገምቶ ማለፍ

ብዙ ሰው የማይነካው፣ ግን መነካት ያለበት ይሄ ነው። የውጭ ላሜራው የታችኛው ጠርዝ ከትልቁ ማርሽ ጥርስ ጫፍ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መቆም አለበት። በጣም ጠባብ ክፍተት ነው። ሰዎች 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ እያዩ «ደህና ነው» ብለው ያልፉታል።

ከመጠን በላይ ከፍ ካለ መንጋጋው ካቴናውን የሚገፋው ከላይ በኩል ብቻ ነው። ካቴናው ይታጠፍና ያመነታል፤ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ደግሞ ዘሎ ያልፋል። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ላሜራው ጥርሱን ይመታል፤ ያኔ ድምፁን ሳትፈልጉት ትሰሙታላችሁ።

አለካኩ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ካቦው ላልቶ እያለ ስፕሪንጉ መንጋጋውን ወደ ውስጥ ስቦ ትንሹ ማርሽ ላይ ያቆመዋል። እዚያ ቆሞ ከትልቁ ማርሽ ያለውን ርቀት መለካት አይቻልም፤ መንጋጋው ወደ ውጭ ሲሄድ ቁመቱም አብሮ ይለወጣልና። መጀመሪያ መንጋጋውን በእጃችሁ ወደ ውጭ ገፍታችሁ የውጭ ላሜራውን በቀጥታ ከትልቁ ማርሽ ጥርሶች በላይ አምጡት። ከዚያ ለኩ። መለኪያ ከሌላችሁ ስስ ሳንቲም በመሐላቸው አስገቡ፤ ልክክ ብሎ ካለፈ ጥሩ ነው። ማርሹን ቀስ እያላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ሆን ተብለው አጠር ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ልኩ የሚወሰደው ከረዥሙ ጥርስ ነው።

ማርሽ የቀየራችሁ ሰዎች ይሄ በተለይ እናንተን ይመለከታል። የሳይክል ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ ብታሰሉት፣ አንድ ጥርስ በተጨመረ ወይም በተቀነሰ ቁጥር የማርሹ ራዲየስ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለወጣል። 53 ጥርስ የነበረውን አውርዳችሁ 50 ብታስገቡ፣ ካምቢዮው በቅጽበት 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቀረ ማለት ነው። ብሎን ብታዞሩ እስኪመሽ ያ 6 ሚሊ ሜትር የትም አይሄድም። ካምቢዮው ራሱ መውረድ አለበት።

ሲወርድ ወይም ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ ካቦው ይፈታ። ካቦው ተወጥሮ እያለ ካምቢዮውን ፍሬሙ ላይ የያዘውን ማሰሪያ ካላላችሁ፣ ካምቢዮው ተስቦ ይሽከረከራል፤ የነበረበትን ቦታም አታገኙትም። ከመፍታታችሁ በፊት ፍሬሙ ላይ፣ ከማሰሪያው ጠርዝ ሥር ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ማውረድ ስትፈልጉ ምልክቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

አቅጣጫውን መርሳት

ቁመቱ ልክ ሆኖ መንጋጋው ግን ጠምዘዝ ብሎ ሊቆም ይችላል። ከላይ ወደ ታች ስታዩት የውጭ ላሜራው ከማርሹ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ይህን የምታዩት ካቴናው ትልቁ የፊት ማርሽና ትንሹ የኋላ ማርሽ ላይ ሆኖ ነው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀጥታ ከላይ ተመልከቱ። ከጎን ማየት ያታልላል።

ምልክቶቹን ለማንበብ አይከብድም። የላሜራው ፊተኛ ጫፍ ብቻ እየነካ የኋለኛው ሰፊ ክፍተት ካለው፣ ወይም ተገላቢጦሹ ከሆነ፣ ችግሩ ጠመዝማዛነት ነው። ላሜራውን ራሱን ማየትም ይረዳል። ያገለገለ ካምቢዮ ላይ ካቴናው የፋቀው ቦታ ያብለጨልጫል። ፍቀቱ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ካምቢዮው ለረዥም ጊዜ ጠሞ ሲሠራ ኖሯል። ሁሉም ላሜራ ግን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጎበጥ ጎበጥ ተደርጎ የተሠራም አለና ከማርሹ ጋር የምታስተያዩት ጠፍጣፋውን ክፍል ነው። አንዳንዱ አምራች ደግሞ የራሱ ምልክት አለው፤ ስራም (SRAM) የተባለው አምራች «ያው» (Yaw) ብሎ የሰየማቸው ካምቢዮዎች መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ አብሮ ስለሚዞር፣ ላሜራው ላይ በተሰመሩት መስመሮች ነው የሚስተካከሉት።

ሌላው የሚያናድድ ነገር፣ አስተካክላችሁ ብሎኑን ስታጠብቁ የመጨረሻዋ ሩብ ዙር ካምቢዮውን አብራ ታዞረዋለች። ስለዚህ በአንድ እጅ መንጋጋውን ያዙት፣ በሌላው ቀስ ብላችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ እዩ። በማሰሪያ ቀለበት የሚታሰሩት ላይ የተለመደው ጥብቀት ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው። ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ይሄ ቁጥር ቀልድ አይደለም፤ በጉልበት ማጥበቅ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ኒውተን ሜትር የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ ለካርቦን ፍሬም መበደር ይሻላል።

አዲስ ካምቢዮ የምትገዙ ከሆነ የማሰሪያውን ስፋት ለኩ። የተለመዱት 28.6፣ 31.8 እና 34.9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሰፊውን ገዝቶ ውስጡን በጨርቅ ወይም በጎማ መጠቅጠቅ አይሠራም። ካቦው በሳበው ቁጥር ይሽከረከራል።

ካቦው እንደተወጠረ የውስጡን ገደብ ማስተካከል

ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚያሳብድ ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። ሰውዬው ኤልን ያዞራል፣ መንጋጋው አይንቀሳቀስም። ይጨምራል፣ አይንቀሳቀስም። «ብሎኑ ተበላሽቷል» ይላል። ብሎኑ ደህና ነው። መንጋጋው ብሎኑን አልነካውም፤ ካቦው ከዚያ በፊት ይዞታል። ብሎኑ ባዶ ቦታ ውስጥ እየዞረ ነው።

መፍትሔው ካቦውን ከካምቢዮው ላይ መፍታት ነው፤ ወይም በበቂ ማላላት። ከዚያ ካቴናውን ትንሹ የፊት ማርሽና ትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ አድርጉት። ይህ ካቴናው ወደ ፍሬሙ በጣም የሚቀርብበት ቦታ ነው። አሁን ኤልን አዙሩ፤ እያንዳንዷ ሩብ ዙር መንጋጋውን ስታንቀሳቅሰው በዓይናችሁ ታያላችሁ። የውስጥ ላሜራው ከካቴናው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሲርቅ አቁሙ። ፔዳሉን አዙሩ፤ ካልነካ አበቃ።

ለምን ይህን ያህል ጠበበ? ክፍተቱ ከሰፋ ካቴናው ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲወርድ ትንሹን አልፎ ወደ ፍሬሙ የሚወድቅበት በር ተከፈተ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው መፋጨቱን ስለሚፈራ «ትንሽ ልተውለት» ይላል፤ ከዚያ መንገድ ላይ እጁን በግራሶ ያቆሽሻል።

ካቦውን በተሳሳተ ሰዓት ማሰር

ካቦውን ከማሰራችሁ በፊት መሪው ላይ ያለው መቀያየሪያ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት። ወርዷል ብላችሁ አትመኑ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫኑት። የኮርስ ሳይክል መቀያየሪያዎች ብዙዎቹ በዋናዎቹ ደረጃዎች መሐል ትንሽ ግማሽ ደረጃ አላቸው፣ መንጋጋውን በጥቂቱ ብቻ የሚያንቀሳቅስ። እዚያ ግማሽ ደረጃ ላይ ቆሞ ካቦውን ካሰራችሁት፣ መቀያየሪያው በእውነት ሲወርድ ካቦው ይላላል፤ ወደ ትልቁ ለመውጣትም ጉልበት ያንሰዋል።

የካቦ መወጠሪያውንም እዩት። ይህች በእጅ የምትዞረው ትንሽ ነገር መቀያየሪያው መውጫ ላይ፣ ወይም ፍሬሙ ላይ፣ ወይም ካቦው መሐል ላይ ትገኛለች። ካቦ ከመታሰሩ በፊት ወደ ውስጥ ትግባ፤ እስከ መጨረሻው ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ዙር ይቅራት። ሙሉ በሙሉ ወጥታ እያለች ካሰራችሁ፣ ነገ ካቦው ሲላላ የምትወጥሩበት ቦታ አይኖርም። አሠራሯ ቀላል ነው፦ ወደ ውጭ እንድትወጣ ስታዞሯት ካቦው ይወጠራል፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ይላላል።

ከዚያ ካቦውን በፒንሳ ቀጥ እስኪል ሳቡትና ብሎኑን አጥብቁ። መሳብ ማለት መጎተት አይደለም። ከልክ በላይ ከጎተታችሁት መንጋጋውን ካስተካከላችሁበት የውስጥ ገደብ ነቅሎ ያነሣዋል፤ ካቴናውም ትንሹ ላይ እያለ ይፋጫል። አስራችሁ ስትጨርሱ የውስጥ ላሜራው ከቅድሙ ቦታ ከተንቀሳቀሰ ትንሽ መልሱለት።

አንድ በቅርብ ዓይን የሚታይ ነገር፦ ካቦው በሚታሰርበት ብሎን ሥር ትንሽ ቦይ አለች። ካቦው መተኛት ያለበት እዚያች ቦይ ውስጥ ነው። ከብሎኑ ወዲያ ማዶ በኩል ካሳለፋችሁት ካቦው የካምቢዮውን ክንድ የሚስብበት ነጥብ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ ስትጫኑ መንጋጋው የሚሄደው ርቀትም አብሮ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ማስተካከያ ሁሉ ግማሽ ልክ ግማሽ ስህተት ሆኖ ይቀራል። ካቦው የድሮ ከሆነ የተጨፈለቀበት ምልክት አለው። ምልክቱ ቦይዋ ላይ ልክ መግጠም አለበት።

የካቦው ሽፋንም ዓይነት አለው። የፍሬን ሽፋን ውስጡ በጥምዝ ሽቦ የተሠራ ነው፤ ሲሳብ በጥቂቱ ይጨመቃል። ለማርሽ የሚሠራው ሽፋን ግን ሽቦዎቹ በርዝመቱ የተዘረጉ ናቸው፤ አይጨመቅም። የፍሬኑን ለማርሽ ብታውሉት መቀያየር ይደነዝዛል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። በተገላቢጦሹ ግን በጭራሽ አታድርጉት። የማርሽ ሽፋን በፍሬን ጉልበት ሊተረተር ይችላል፤ ከዚያ ፍሬን የለም።

ካቴናው ትልቁ ላይ አልወጣ ሲል ኤችን ማላላት

ወደ ትልቁ አልወጣም ካለ «ተጨማሪ መንገድ እንስጠው» ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ኤች ይላላል። ካቴናው አሁንም አይወጣም። ደግሞ ይላላል። ከዚያ አንድ ቀን ካቦው በደንብ ሲወጠር ካቴናው ትልቁን ማርሽ አልፎ በፔዳሉ ክንድና በማርሹ መሐል ይሰነቀራል።

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። መቀያየሪያውን ወደ ትልቁ ተጭናችሁ እንደተጫነ ያዙት። በሌላ እጃችሁ መንጋጋውን ወደ ውጭ ግፉት። በእጃችሁ ተጨማሪ ወደ ውጭ ከሄደ ኤች ገና አልያዘውም፤ የቀረው የካቦ ውጥረት ነው። መወጠሪያዋን ግማሽ ዙር አውጡ፣ ድገሙ። በእጅ ሲገፋ ደርቆ የማይሄድ ከሆነና ካቴናው አሁንም ካልወጣ፣ ያኔ ኤች በጣም ጠብቋል፤ ሩብ ዙር አላሉት።

ይቺ ሙከራ አሥር ሰከንድ አትፈጅም፤ ከብዙ ግምት ትገላግላለች። በነገራችን ላይ ኤች ከመጠን በላይ ጠብቆ ካቦውም ከተወጠረ፣ መቀያየሪያው ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ጠቅ አይልም። በጉልበት አትግፉት። በዚያ ሁኔታ የሚሰበረው የመቀያየሪያው ሆድ ዕቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ከካምቢዮው የበለጠ ውድ ነው።

ልክ ሲሆን፣ ካቴናው ትልቁ የፊት ማርሽና ትንሹ የኋላ ማርሽ ላይ ሆኖ፣ በውጭ ላሜራውና በካቴናው መሐል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኖራል። ከዚያ ፔዳሉን ፈጠን አድርጋችሁ እያዞራችሁ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደጋግማችሁ ቀይሩ። ሊወድቅ ከሞከረ ኤችን በትንሹ አጥብቁት።

ፊት ለፊት ሦስት ማርሽ ያላችሁ ሰዎች፣ የመሐለኛው የራሱ ብሎን የለውም። እሱን የሚወስነው የካቦው ውጥረት ብቻ ነው። ካቴናውን መሐለኛውና ትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ አድርጉና የውስጥ ላሜራው ሳይነካው ጠጋ ብሎ እስኪቆም በመወጠሪያዋ አስተካክሉ።

ሁሉንም ጥምረት ጸጥ ለማሰኘት መሞከር

ትልቁ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ። ወይም ትንሹ ከፊት፣ ትንሹ ከኋላ። በእነዚህ ሁለት ጥምረቶች ካቴናው በሰያፍ ስለሚሄድ የመንጋጋውን አንድ ጎን ቢነካ አይገርምም። ያንን ድምፅ ለማጥፋት ብላችሁ ገደቦቹን ካሰፋችሁ፣ በምትጠቀሙባቸው ጥምረቶች ላይ ካቴናው መውደቅ ይጀምራል። መቀያየሪያችሁ ግማሽ ደረጃ ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ከሌለው እነዚያን ጥምረቶች ተዉአቸው። ሌላ የፊትና የኋላ ጥምረት ተመሳሳይ ክብደት ይሰጣችኋል።

መንጋጋውን በፒንሳ ፈልቅቆ የሚያሰፋ ሰው አለ። አትሁኑ።

የሌላውን ጥፋት ካምቢዮው ላይ ማላከክ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ሠርታችሁ አሁንም ካልተስተካከለ ዙሪያውን እዩ። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ በማርሹና በውጭ ላሜራው መሐል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ከሆነ ማርሹ ተጣሟል፣ ወይም የያዙት ብሎኖች ላልተዋል፣ ወይም የፔዳሉ ኩሽኔታ ይንቀሳቀሳል። ካቴናው በአንድ ዙር አንዴ ብቻ «ጭር» የሚል ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው። የተጣመመ ማርሽ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት መፈለግ ከንቱ ነው።

ማርሹን ፈታታችሁ ከመለሳችሁት ደግሞ አገጣጠሙን እዩ። የዛሬ ትላልቅ ማርሾች በውስጥ ጎናቸው ካቴናውን አንጠልጥለው የሚያወጡ ትንንሽ ፒኖችና ጠርዞች አሏቸው። እነዚህ የሚሠሩት ማርሹ በትክክለኛው ዙር ሲገጠም ነው። ብዙዎቹ ላይ አንድ ጎልቶ የወጣ ፒን አለ፤ ቦታው ከፔዳሉ ክንድ ጀርባ ነው፣ ካቴናው እዚያ እንዳይሰነቀር። ፒኑ ሌላ ቦታ ካለ ማርሹ ዞሮ ተገጥሟል።

ካቴናው ራሱ ያረጀ ሊሆን ይችላል። አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን ጀምራችሁ 24ኛው ፒን ድረስ ብትቆጥሩ፣ የመነሻውን ሳትቆጥሩ ማለት ነው፣ ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በ1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከረዘመ መለወጫው ደርሷል። ስፋቱም ይታሰብበት። ለ8 የኋላ ማርሽ የተሠራ ካቴና ውጫዊ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ10 የተሠራው 6 ገደማ። ሰፊውን ካቴና ለጠባቡ በተሠራ መንጋጋ ውስጥ ማስኬድ ክፍተቱን በሁለቱም በኩል ይበላዋል።

ቆሻሻ ደግሞ አለ። ካቴናው ወደ ትልቁ በደንብ ወጥቶ ወደ ትንሹ አልወርድም ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ጭቃ ነው። ወደ ውስጥ የሚመልሰው ስፕሪንግ ብቻ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ ከደረቁ ወይም ካቦው ከፔዳሉ ሥር በሚያልፍበት የፕላስቲክ መንገድ ላይ አሸዋ ከያዘው ስፕሪንጉ አቅም ያጣል። ካቦውን ፍቱና መንጋጋውን በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ አጽዱት፣ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጉ። በደንብ እየተመለሰ ከሆነ ችግሩ ካቦውና ሽፋኑ ውስጥ ነው።

የማይጣጣም ዕቃ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በማስተካከል አይፈታም። የኮርስ ሳይክል መቀያየሪያና የተራራ ሳይክል የፊት ካምቢዮ አንድ አምራች ቢሠራቸውም ብዙ ጊዜ ካቦውን የሚስቡት እኩል አይደለም። ለሦስት ማርሽ የተሠራ መንጋጋ ቅርጹ ለሁለት ከተሠራው ይለያል። እያንዳንዱ ካምቢዮ በትልቁና በትንሹ የፊት ማርሽ መሐል የሚችለው የጥርስ ልዩነትም ገደብ አለው፤ 50 እና 34 ያለው ሰው 16 የሚችል ይፈልጋል። በባትሪ የሚሠሩት ካቦ ስለሌላቸው ከዚህ ጣጣ ግማሹ ይቀርላቸዋል፤ ቁመትና አቅጣጫ ግን ለእነሱም ያው ነው።

በሙሉ ጉልበት እየረገጡ መቀየር

ይሄ የካምቢዮው ሳይሆን የጋላቢው ነው። የኋላ ካምቢዮ የሚገፋው የካቴናውን ላላ ያለ ክፍል ነው። የፊቱ ግን የሚገፋው የተወጠረውን፣ እግራችሁ ሙሉ ኃይሉን ያሳረፈበትን ክፍል ነው። ዳገቱ መሐል ቆማችሁ እየረገጣችሁ ቀይር ብትሉት እሺ አይልም። ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፤ ከረፈደ ለአንድ ዙር እግራችሁን አለዝቡና ቀይሩ። ወደ ትልቁ ስትወጡ መቀያየሪያውን ነካ አድርጋችሁ አትልቀቁት፤ ካቴናው እስኪቀመጥ ያዙት። ፊትና ኋላን በአንድ ጊዜ መቀየርም ካቴና ለማስወደቅ ጥሩ ዘዴ ነው።

ጎማው ተንጠልጥሎ ሠርቷል ብሎ መተው

ተንጠልጥሎ ሲዞር ካቴናው ላይ ሸክም የለም። መንገድ ላይ ስትወጡ ፍሬሙም ማርሹም በጥቂቱ ይተጣጠፋሉ፤ ቤት ውስጥ ያልነበረ መፋጨት ይሰማል። ስለዚህ ካቻቢቴዋን ኪስ ውስጥ ከትታችሁ አጭር ዙር ውጡ። ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ኋላውን እየለዋወጣችሁ። በሸክም ጊዜ ብቻ በውጭ በኩል የሚነካ ከሆነ ኤችን አንድ ስምንተኛ ዙር ማላላት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አዲስ ካቦ ካስገባችሁ ከጥቂት ጉዞ በኋላ መላላቱ አይቀርም። ካቦው ተለጥጦ አይደለም፤ ሽፋኑና ጫፎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ነው። ገና ከቤት ሳትወጡ ፍሬሙ ላይ ራቁቱን የሚያልፈውን ካቦ በጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት፤ አብዛኛው ያኔውኑ ቦታውን ይይዛል። ካቦው በፍሬሙ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደጋግማችሁ መቀየር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ከዚያም በኋላ ወደ ትልቁ መውጣት ዳተኛ ከሆነ ብሎኖቹን ተዉአቸው፤ መወጠሪያዋን ግማሽ ዙር ማውጣት ነው።